አሥራ ስምንት ደቂቃ በበረዶ ሜዳ ላይ

ከስድስት ዓመት በፊት እኔ የምመራቸው አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ እግራቸው ተሰበረ። በረዶ አገር ያስኬደኝ እሱ ነው።

ዘመሮ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ደጋውን በእግራቸው ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች አስተርጓሚም መንገድ መሪም እሆናለሁ። የየቀበሌው ገበሬ ተባብሮ በየአንድ ቀን መንገድ የድንጋይ ማረፊያ ቤት ሠርቷል። እንግዳው ከአንዱ ተነስቶ ሌላው ዘንድ እያደረ፣ የገደሉን አፋፍ ዳር ዳሩን ይዞ አራት ቀን ይጓዛል። ያን ጊዜ የያዝኳቸው ባልና ሚስት ሁለቱም ስድሳን ያለፉ ነበሩ። ባልየው በአገራቸው፣ በአልፕስ ተራሮች ላይ መንገድ መሪ እንደሆኑ ነግረውኝ «የሥራ ባልደረቦች ነን ማለት ነው» ተባብለን ተሳስቀናል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቁልቁለት ስንወርድ ድንጋይ ከሚስታቸው እግር ሥር ተንከባለለና ቁርጭምጭሚታቸው ተሰበረ።

መኪና የሚገባበት መንገድ ሩቅ ነው። የቀበሌው ወንዶች ሁለት አጠና በጠፍር አስረው ቃሬዛ ሠሩ። ቡሉኮ አነጠፉበት። እየተፈራረቁ ከጠዋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ተሸክመው አደረሱን። ባልየው ከኋላ ይከተሉ ነበር። መኪናው ጋ ስንደርስ የተሸካሚውን ሁሉ እጅ፣ አንድም ሰው ሳያስቀሩ፣ ጎንበስ እያሉ በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይጽፉልኛል። ካቻምና የመጣው መልእክት ግን ከሰላምታ ያለፈ ነበር። «አንቺ ተራራሽን አሳይተሽናል፤ አሁን ተራው የእኛ ነው። ሚስቴ በበረዶ ላይ መንሸራተት ታስተምርሻለች። ከዚያ እኔ በበረዶ ግግሮቹ ላይ ከማረፊያ ማረፊያ አምስት ቀን እወስድሻለሁ» ይላል።

ለእናቴ ሳነብላት የበግ ፀጉር እየፈተለች ነበር።

«ምን ልታዪ ነው የምትሄጂው?» አለችኝ።

«በረዶ።»

«በረዶማ እዚህም ይወርዳል። አምና ባቄላውን ያራገፈው አልበቃሽም?»

«እዚያ አይቀልጥም እማዬ። ሸለቆውን ሞልቶ ዓመት ከዓመት ተጋግሮ ይኖራል።»

እንዝርቷን አቆመች። «ታዲያ ሰዉ ምን ይበላል?»

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የስድስት ሳምንት ፈቃድ ሰጠኝ። ሄድኩ።

የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ያሳለፍኳቸው በመውደቅ ነበር። ስኪ የሚሉት ከሰው ቁመት የማይተናነስ ጠባብ የመንሸራተቻ ጣውላ ነው፤ በየእግርሽ አንድ አንድ ታጠልቂያለሽ። ሽቅብ ሲወጣ ከጣውላው ሥር ፀጉራም ጨርቅ ይለጠፍበታል። ጨርቁ ወደ ፊት ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ ግን ይይዛል። እሱን እንኳ ቶሎ ገባኝ፤ የበግ ቆዳ በእጁ የዳበሰ ሰው ፀጉር ወዴት እንደሚተኛ ያውቃል። ያቃተኝ ቁልቁለቱ ነው። አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት በአጠገቤ እንደ ወፍ ሽው እያሉ ሲያልፉ፣ እኔ የሠላሳ አራት ዓመት መምህርት፣ በቂጤ ተቀምጬ እወርድ ነበር። ሴትዮዋ ግን ሰው አያሳፍሩም። የተሰበረው እግራቸው ድኖ እንደ ልጃገረድ ይንሸራተታሉ። «መውደቅ የሚችል ሰው መቆም ይችላል» ይሉኛል፤ ያነሱኛል፤ እንደገና እወድቃለሁ።

በአምስተኛው ሳምንት ጉዞው ተጀመረ። አራት ነበርን። መሪያችን አዛውንቱ የሴትዮዋ ባል፣ እኔ፣ ሁለት ወንድማማቾች። ታላቅየው ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሳቂታ። ታናሽየው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዝምተኛ። ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ በበረዶ ላይ ያደጉ ናቸው፤ አዛውንቱ የመረጡልን ቀላሉን መንገድ ነው ብለው እኔን ያጽናኑኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን እኔንም እነሱንም አስደነገጠ። እነሱን ያስደነገጠው ትንፋሼ ነው። ማረፊያው ደርሰን ጋጋሪው በሩ ላይ ተደግፎ ሲያለከልክ እኔ ውሃ አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። «አየሩ አይከብድሽም?» አለኝ። ግድግዳው ላይ የቤቱ ከፍታ ተጽፏል። አየሁትና ሳቄ መጣ። የእናቴ ቤት ከዚያ ከፍ ይላል። ስነግራቸው ሦስቱም ዞረው አዩኝ። ሹፌሩ «ሰው ይኖራል እዚያ ላይ?» አለ። «ገብስም ይበቅላል» አልኩት።

እኔን ያስደነገጠኝ ደግሞ መኝታው ነው። አንድ ረጅም መደብ፣ በላዩ ጎን ለጎን የተደረደረ ፍራሽ፤ ወንድ የለ፣ ሴት የለ፣ የማይተዋወቅ ሰው ሁሉ ተደርድሮ ይተኛበታል። ጥግ ይዤ፣ ከአንዲት አሮጊት አጠገብ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ተኛሁ። ምግባቸውም ሁሉ አይብ ነው። ወሩ ዓቢይ ጾም ነበርና የማረፊያዋ ጠባቂ ሴት «ወተት አትጠጣም፣ ሥጋ አትበላም፣ ቅቤ አትበላም» ተብሎ ሲነገራት ታምሜ መስሏት አዘነችልኝ። ምስር ሾርባ ሠራችልኝ። ምስር እዚያ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

በሁለተኛው ቀን የደረስንበት ማረፊያ ከገደል አናት ላይ ነው። ከበረዶው ተነስተን እሱ ጋ ለመድረስ በዓለቱ ላይ በተተከለ የብረት መሰላል ወጣን፤ ወጣን፤ አያልቅም። ክንዴ ሲዝል ቆሜ ወደ ታች አየሁ፤ ምነው ባላየሁ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ላይ ስንደርስ አዛውንቱ የመሰላሉን መጨረሻ በእግራቸው መታ መታ አድርገው፣ «እኔ በወጣትነቴ እዚህ ስመጣ መሰላል አልነበረም» አሉኝ። «ከቤቱ በር ወጥተን በቀጥታ በረዶው ላይ ነበር የምንረግጠው።»

ያን ሁሉ ገደል ሞልቶ የነበረ በረዶ በአንድ ሰው ዕድሜ ወዴት እንደሄደ ማሰብ አቃተኝ። ልጠይቃቸው ስል ፊታቸውን አይቼ ተውኩት። ሞቶበት የቀበረውን ሰው ቤት የሚያሳይ ሰው ፊት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የገጠመን ግን ለጥ ያለ ሜዳ ነው። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ገደል የለ፣ መሰላል የለ፣ ቁልቁለት የለ። ፈረስ ቢጋልቡበት የሚያምር፣ ፀሐይ የምታብለጨልጨው ነጭ ሜዳ። ሰማዩ ደመና አልነበረበትም። እኔ ፈርቼ የነበረው ሁሉ ትናንትና ከትናንት ወዲያ አልፏል ብዬ አሰብኩ።

አዛውንቱ ግን ሜዳው ጋ ስንደርስ አስቆሙን። አራታችንን በአንድ ገመድ አሰሩን፤ ገመዱን ወገባችን ላይ ከታጠቅነው መታጠቂያ ጋር አያያዙት። እሳቸው ከፊት፣ ቀጥሎ እኔ፣ ከኋላዬ ሹፌሩ፣ መጨረሻ ጋጋሪው። በመካከላችን አሥር አሥራ ሁለት እርምጃ።

«ለምን እንታሰራለን? ሜዳ አይደለም?» አልኳቸው።

«ሜዳ የሚመስለው ላዩ ነው» አሉኝ። «በረዶው ሥሩ ይሰነጠቃል። አዲስ በረዶ ደግሞ ስንጥቁን ይከድነዋል። ገመዱ እንዳይረግብ። እኔ ከወደቅኩ ተቀመጪ፣ ተረከዝሽን ትከይ። ሌላ ምንም አታስቢ።»

ይህን የተናገሩት እኔ ለእንግዳ «ከገደሉ ራቅ በሉ» እንደምለው ዓይነት፣ ሺህ ጊዜ ተናግረውት ባለቀ ድምፅ ነው። ስለዚህ እኔም አልፈራሁም። በረጅም ዘንግ በረዶውን ወጋ እያደረጉ፣ ሲያዳምጡ፣ ሲራመዱ፣ ቀይ ቦርሳቸውን እያየሁ ተከተልኳቸው። ዓርብ ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት እህል አልቀምስም ብዬ ስለነበር ስንት ሰዓት እንደቀረኝ አስብ ነበር።

ቀዩ ቦርሳ ጠፋ።

እንዲህ ነው የሆነው፤ ከዚህ የበለጠ ልነግራችሁ አልችልም። የመሰበር ድምፅ አልሰማሁም። ጩኸት አልሰማሁም። ሰውየው ከፊቴ ነበሩ፤ ከዚያ ሜዳ ብቻ ነበር። ዓይኔ አላመነም፤ ራሴን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ እንደ ሞኝ ወዴት ሄዱ ብዬ ፈለግኳቸው። ያኔ ገመዱ ደረሰብኝ።

ወገቤን ይዞ ወደ ፊት ወረወረኝ። በግንባሬ ወደቅኩ፤ በደረቴ እየተጎተትኩ ነበር፤ በረዶ አፌ ገባ። «ማርያም!» ማለቴን አስታውሳለሁ። ተቀመጪ ያሉኝን፣ ተረከዝሽን ትከይ ያሉኝን ሁሉ ረስቻለሁ። አንዱ ጣውላዬ በራሱ ጊዜ አግድም ዞሮ በረዶው ውስጥ ሰጠመና ያዘኝ፤ እኔ አይደለሁም ያደረግኩት። ከኋላዬም ሹፌሩ ተቀምጦ ይዞ ነበርና ገመዱ በሁለት በኩል ወጥሮ ወገቤን ሊቆርጠው ደረሰ። ቆምን። ቀና ስል፣ ከራሴ አምስት እርምጃ ያህል ፊት ለፊት አንዲት ጉድጓድ አየሁ። ትልቅ አይደለችም። የእህል ጎተራ አፍ ታክላለች። ገመዱ ወደዚያች ገብቷል።

ያን ክብደት በወገቤ የያዝኩት እኔ ነኝ። ገመዱ ላይ ሰው እንዳለ በአጥንቴ ይሰማኛል፤ ሲወዛወዝ እወዛወዛለሁ።

ከዚያ ድምፃቸው መጣ። ከሩቅ፣ ከታች፣ ማሰሮ ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ሰው። «በሕይወት አለሁ! ትከሻዬ ወልቋል! መውጣት አልችልም! ማንም ወደ ጉድጓዱ እንዳይጠጋ!»

ጋጋሪው ግን ይህን አልሰማም። ከገመዱ መጨረሻ ራሱን ፈትቶ፣ ስኪውን አውልቆ፣ ስማቸውን እየጠራ በእግሩ እየሮጠ መጣ። ያ ሳቂታ ሰው ፊቱ እንደ በረዶው ነጥቷል። በአጠገቤ አልፎ ወደ ጉድጓዷ ሊሮጥ ነው። እንግሊዝኛው ጠፋኝ። ሃያ ዓመት የተማርኩትና ያስተማርኩት ቋንቋ አንድ ቃል አልቀረኝም።

«ቁም!» አልኩት በአማርኛ። «አትሂድ! ቁም ብዬሃለሁ!»

ቆመ። ቃሉን አያውቀውም፤ ግን ቆመ። አየኝ። ቀስ ብሎ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ከዚያ በሆዱ ተኛ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሁሉ በትክክል አደረገ። ከእኔ ፊት በረዶውን በእጁና በአካፋ ቆፍሮ ስኪውን አግድም ቀበረው፤ ገመዱን በሱ ላይ አሰረ። ከታች አዛውንቱ «እንዲህ አድርግ፣ ይህን ቋጠሮ፣ አሁን ፈትሽ» እያሉ ተሰቅለው ሳሉ ያዝዙታል። ሹፌሩ በደረቱ ላይ የመገናኛ ሬዲዮ ይዞ ስለነበር ተቀምጦ እንደያዘ ጥሪ አደረገ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። አውቶቡሱ ዘግይቷል ብሎ ለመናኸሪያ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው።

«አሁን ያዘ» አለኝ ጋጋሪው። «ልቀቂ።»

መልቀቅ አልቻልኩም። ገመዱን በሁለት እጄ ጨብጬዋለሁ፤ መቼ እንደጨበጥኩት አላውቅም፤ ጣቶቼ አይታዘዙኝም። «ልቀቂ፣ ይዞታል» ይለኛል፤ እሺ እለዋለሁ፤ ጣቶቼ ግን እንደተቆለፉ ናቸው። ሹፌሩ እየዳኸ መጥቶ ጓንቴን አወለቀና ጣቶቼን እንደ ሕፃን ጣት አንድ በአንድ ከፈታቸው።

ሌላ ገመድ አስረውልኝ በሆዴ ተስቤ ወደ ጉድጓዷ አየሁ። ያየሁት ይኸው እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። አፏ ጠባብ ናት እንጂ ውስጧ ቤተ ክርስቲያን ያህላል። ግድግዳው ሰማያዊ ነው፤ ወደ ታች እየጠቆረ፣ እየጠቆረ ይሄዳል፤ ማለቂያ የለውም። አዛውንቱ መካከል ላይ ተንጠልጥለው ቀስ ብለው ይሽከረከራሉ። አንድ ክንዳቸው እንደ ሰው እጅ አልተንጠለጠለም። ቀና ብለው አዩኝ።

«ይቅርታ» አሉኝ።

በእናቴ አገር እንዲያ ያለ ሽማግሌ እኔን ይቅርታ አይጠይቅም። «አይዞዎት አባቴ» አልኩ፤ እሱም በአማርኛ ነው የወጣው።

ከዚያ መጠበቅ ነበር። ጋጋሪው ዳቦ ቆርሶ ዘረጋልኝ፤ ስድስት ሰዓት ስላልሞላ አልተቀበልኩም። ዓይኔን ከሰዓቴ ላይ አላነሳሁም። ምን እንደሚመጣልን አልገባኝም ነበር። እኔ የምጠብቀው ሰዎችን ነው፤ ከማረፊያው ተሰባስበው፣ ገመድና አጠና ይዘው፣ ምናልባት ማታ ላይ የሚደርሱ። ስለዚህ በልቤ ቀኑን እየከፋፈልኩ ነበር፤ ሽማግሌው እስከዚያ ብርዱን ይችሉት ይሆን፣ ምን እናልብሳቸው፣ ቃሬዛ ከምን እንሥራ እያልኩ። ስኪዎቹን አጋጥመን ጃኬት ብንዘረጋባቸው ይሆናል ብዬ ወስኜ ነበር።

ከተራራው ትከሻ ላይ ዝንብ የመሰለ ነገር ብቅ አለ። ድምፁ ተከተለ። ሄሊኮፕተር ነው። በላያችን ቆሞ በረዶውን እንደ አዋራ ሲያቦን ፊቴን ሸፈንኩ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሐኪም በገመድ ወረዱ፤ ሦስት እግር ያለው ብረት ጉድጓዷ አፍ ላይ ተከሉ፤ አንደኛው ገባ፤ ሽማግሌውን እንደ ባልዲ ውሃ አወጧቸው። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል፤ ግንባራቸው ደምቷል። መጀመሪያ የተናገሩት «ስኪዬ ታች ቀረ» የሚል ነው። ጋጋሪው ሳቀ፤ ከዚያ እዚያው ተቀምጦ ፊቱን በጓንቱ ሸፈነ።

ጥሪው የተደረገበትን ሰዓት ጠይቄ አሰላሁ። ሹፌሩ በሬዲዮ ከጠራበት ሄሊኮፕተሩ በላያችን እስከቆመበት አሥራ ስምንት ደቂቃ።

ያኔ ነው እህቴ ትዝ ያለችኝ። ታላቅ እህቴ መርሐቤቴ ቆላ ነበር ያገባችው። ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ደም ፈሰሳት። ሌሊቱን ጠብቀው ጎህ ሲቀድ በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታል ወዳለበት ወደ ዓለም ከተማ ተነሡ። ገደሉን ሽቅብ ነው የሚወጣው። ወንዶቹ ትከሻቸው እስኪላጥ ተሸክመዋል፤ አንድም ሰው አልሰነፈም። የከተማው ቤቶች ቆርቆሮ ሲታያቸው፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ «ቆም በሉ» አለቻቸው። አወረዷት። እዚያው አረፈች። ይህን ያን ሁሉ ዓመት የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ስል ኖሬአለሁ። ተራራ ተራራ ነው፣ ገደል ገደል ነው፣ ሰው ምን ማድረግ ይችላል ስል።

አሥራ ስምንት ደቂቃ። ከዚያ የባሰ ተራራ ላይ።

እንደዚያ ጮኼ አልቅሼ አላውቅም። ሐኪሟ የፈራሁ መስሏት ብርድ የሚከላከል ወርቃማ ስስ ላስቲክ አለበሰችኝ፤ «አለቀ፣ ድኗል፣ አለቀ» ትለኛለች። አይደለም ልላት እፈልጋለሁ። በምን ቋንቋ ልንገራት?

ሽማግሌውን ወስደው ተመልሰው እኛን ወሰዱን። ጉዞው እዚያ ላይ አበቃ። በማግስቱ ሆስፒታል ስንሄድ ትከሻቸው ታስሮ ተኝተው ነበር። ሚስታቸው ኮሪደሩ ላይ አግኝተውኝ አቀፉኝ፤ «አንቺ ያዝሽልኝ» አሉ። ያኔ የእህቴን ነገር ነገርኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም፤ መያዝ አቃተኝ።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ቁጭ አሉ። ቀስ ብለው፣ «እኔን የተሸከሙኝ ጊዜ እህትሽ ሞታ ነበር?» አሉኝ።

«ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር።»

«እኔ እኮ እግሬ ብቻ ነበር» አሉ። ደግመው፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ፣ «እግሬ ብቻ ነበር» አሉና እጄን ያዙኝ።

አገሬ ገባሁ። የዳንኩ መስሎኝ ነበር። ችግሩ ሜዳ ላይ ነው የጀመረኝ። ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ ሜዳ አለ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የረገጥኩት ሣር። መጀመሪያ ቀን መሃሉ ላይ ስደርስ እግሬ አልነሣ አለኝ። ጃንጥላዬን አውጥቼ ከፊቴ መሬቱን ወጋሁት። ጠንካራ ነው። አንድ እርምጃ ሄድኩ። እንደገና ወጋሁት። እንዲህ እየወጋሁ ተሻገርኩ። በሳምንቱ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ተማሪዎቼ ከኋላዬ እስክሪብቶ ይዘው አየር እንደሚወጉ ሰማሁ እንጂ አላየሁም፤ ዞር ስል ሁሉም ደብተር ያነብባል። ሥራ ቦታ እቃ ወድቆ ሲጮህ ጣቶቼ ይጨበጣሉ፤ በግድ ነው የምከፍታቸው።

እናቴ መጥታ አየችኝ። ጃንጥላውን አየች፤ ጣቶቼን አየች።

«ደንግጠሻል» አለችኝ። «ድንጋጤ ውስጥሽ ገብቷል። ጠበል ነው የሚያሻሽ።»

የንስሐ አባቴም እንደዚያው አሉ። ሰባት ቀን ልጠመቅ ተወሰነ። ጠበሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ከዓለት ሥር የሚፈልቅ ነው፤ ጠዋት ላይ እንደ መርፌ ይወጋል። በመጀመሪያው ቀን ውሃው ጀርባዬ ላይ ሲፈስ ትንፋሼ ተቆረጠ፤ ሜዳው መጣብኝ፤ ቀዩ ቦርሳ መጣብኝ። «ያዙት!» ብዬ ጮኽኩ። «ሰውየውን ያዙት! እንዳይወድቅ ያዙት!»

ሕዝቡ «እልል» አለ፤ ጋኔን ሊለቅ ነው ብሎ። አጥማቂው ቄስ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አስደግፈው በታላቅ ድምፅ፣ «ማነህ? ስምህን ተናገር!» አሉኝ።

«እኔ ነኝ አባ» አልኳቸው ጥርሴ እየተንገጫገጨ። «መምህርቷ ነኝ። ልጅዎን ስምንተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ።»

ቄሱ መስቀላቸውን አነሱ። ትኩር ብለው አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማን ነው የወደቀው ልጄ?» አሉኝ። እዚያው፣ ውሃው እየተንጠባጠበብኝ፣ ነገርኳቸው። ከኋላ ያለው ተራውን የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ሰማ። ሲያልቅ «በይ ታጠቢ፣ ነገም ነይ» አሉኝ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ስም አልጠየቁኝም፤ ጠበሉን ሲያፈሱ በሌላ እጃቸው ክንዴን ይይዙኝ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ከጠበሉ ስንመለስ እናቴ ደከማትና የድንጋይ ካብ ላይ ተቀመጥን። ያልነገርኳት ነገር ነበር፤ የሄሊኮፕተሩ ፍጥነት። ሽማግሌው ወጡ፣ ዳኑ ብቻ ነበር ያልኳት። ያን ቀን ግን ሁሉንም ነገርኳት፤ ለምን እንዳለቀስኩም ጭምር።

የነጠላዋን ጥለት ትቆነጥራለች።

«አሥራ ስምንት ደቂቃ?» አለች።

«አዎ እማዬ።»

«ስልክ ደውለው ነው?»

«በሬዲዮ ነው። ያው እንደ ስልክ ነው።»

«ታዲያ ያን ጊዜ» አለች፣ ፊቷን ወደ መርሐቤቴ ቆላ አዙራ፣ «ቁጥራቸውን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ነው?»

ይህን ስትለኝ ጉድጓዷ አፍ ላይ የተሰማኝ ነገር እንደገና ተሰማኝ፤ ከእግሬ ሥር ምንም የሌለ መሰለኝ። እናቴ ጥፋቱን እየፈለገች ነበር። በዚያ ጠዋት ከነበሩት ሰዎች መካከል አንድ ቁጥር የሚያውቅ ሰው ቢኖር ልጇ የምትድን መስሏት ነበር። እዚህ የሚመጣ እንደሌለ፣ ቁጥሩም እንደሌለ አስረዳኋት። የቻልኩትን ያህል ቀስ ብዬ። እሷ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ተረድታኝ ይሁን አይሁን አላውቅም።

አዛውንቱ ከዚያ ወዲህ በበረዶ ግግር ላይ ሰው አልመሩም። ክንዳቸው ከትከሻ በላይ አይነሣም ብለው ጽፈውልኛል፤ ወንድማማቾቹ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው እንጨት ይፈልጡላቸዋል። እኔ ሜዳውን መሻገር የቻልኩት ከፋሲካ በኋላ ነው፤ በአንድ ቀን አይደለም፤ መጀመሪያ ከሰው ጋር፣ ከዚያ ብቻዬን። ጣቶቼ አሁንም አንዳንዴ ይጨበጣሉ።

ያን ቀን ካቡ ላይ ግን እናቴ ብዙ ቆይታ ተነሣች። ነጠላዋን አራገፈች፤ መንገድ ጀመርን። ጥቂት እንደሄድን ቆመችና፣ «የወደቀው የዚያች እግሯ የተሰበረው ሴትዮ ባል አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፣ እሳቸው ናቸው።»

«እንኳን ተረፈላት» አለች።